የታሪክ ጥያቄ መልስ ላይ ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ይቻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታሪክ ላይ ክርክር ሲነሳ መጨረሻው ብዙ ጊዜ "ማስረጃህ የታለ" እና "አንተ ነበርክ እንዴ" ላይ ይቆማል። እኔን ግን ሁሌ የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ይሄን መልስ ምን ያህል ልመነው? የሚለው። ስለዚህ ጉዳይ ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ የምችለውን ያህል መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባልነበርንበት ዘመን ስለሆነ ነገር እንዴት እርግጠኛ መሆን ይቻላል?

ጥያቄው አንድ ስለሚመስል ነው የሚያስቸግረው። ለምሳሌ ጁሊየስ ቄሳር እንዴት ሞተ ብትሉኝ እዚህች ጥያቄ ውስጥ አራት አምስት ጥያቄ ታጭቋል። ተገድሏል ወይ? አዎ፣ እዚህ ላይ ምንም ጥርጣሬ የለኝም። መቼ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44፣ ማርች 15። ይሄም ጠንካራ ነው ምክንያቱም በዛው ዘመን የነበረው ፖለቲከኛ ሲሴሮ በዛን ሰሞን የጻፋቸው ደብዳቤዎች ቅጂያቸው ደርሶናል፣ ከገዳዮቹ አንዱ የሆነው ብሩተስ ደሞ ሁለት ጩቤ የተቀረጸበትና ቀኑ የተጻፈበት ሳንቲም አስመትቷል፣ ሳንቲሙ ዛሬም ሙዚየም ውስጥ አለ። ገዳይ ራሱ ገንዘብ ላይ ቀርጾ ያወጀውን ነገር መካድ ከባድ ነው።

ሲሞት ምን አለ? እዚህ ላይ መሬቱ ይላላል። ስዌቶኒየስ የሚባለው ሮማዊ ጸሐፊ ከ160 ዓመት በላይ ቆይቶ ሲጽፍ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሞተ አለና፣ አንዳንዶች ግን ብሩተስን በግሪክኛ "አንተም ልጄ" ብሎታል ይላሉ ብሎ ጨመረበት። ሁላችንም የምናውቃት "አንተም ብሩተስ?" የምትለዋ ደሞ ዝነኛ የሆነችው በሼክስፒር ቲያትር ነው፣ ከ1,600 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አያችሁ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ነው፣ ግን አንዱ መልስ አለት ነው አንዱ አሸዋ። ስለዚህ "ታሪክ ይታመናል ወይ?" ተብሎ በጅምላ የሚጠየቅ ጥያቄ መልስ የለውም፣ ጥያቄው መጀመሪያ ይበተንና እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይመዘን።

እሺ፣ ያንን መጠን እንዴት ነው የምናገረው? በፐርሰንት?

ፐርሰንት የሚሆንበት ቦታ አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፣ አማርኛ ራሱ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። "ነው" አለ፣ "ሳይሆን አይቀርም" አለ፣ "ሊሆን ይችላል" አለ፣ "ነው አሉ" አለ፣ "አይታወቅም" አለ። ሁላችንም በየቀኑ ሳናስበው በትክክል እንጠቀምባቸዋለን፣ ጎረቤት ስለሰማው ነገር ሲያወራ "ሄደ አሉ" ይላል እንጂ ዝም ብሎ "ሄደ" አይልም፣ ምክንያቱም ራሱ አላየም። ታሪክ ላይ ስንደርስ ግን ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ይጠፋና ሁሉም ነገር "ነው" ይሆናል። ቄሳር ማርች 15 ተገደለ፣ ነው። "አንተም ልጄ" አለ፣ አሉ። በቃ ይሄን ያህል ቀላል ነው፣ ግን አንድ "አሉ" ስትጠፋ ወሬ ታሪክ ይሆናል፣ ይሄ በጣም ነው የሚያሳስበኝ።

የዓይን እማኝ ካለ አላለቀም ወይ?

አላለቀም። ታይታኒክ በ1912 ስትሰምጥ ከ700 በላይ ሰው ተርፏል፣ ሁሉም እዛው ነበሩ። ግን መርከቧ ለሁለት ተሰብራ ነው የሰመጠችው ወይስ ሙሉዋን? ለሚለው ጥያቄ አንዳንዶቹ ስትሰበር አይተናል አሉ፣ ሌሎቹ በተለይ በሕይወት የተረፈው ትልቁ መኮንን ሙሉዋን ነው የወረደችው አለ። አሜሪካም እንግሊዝም አጣሪ አቁመው ሁለቱም ሙሉዋን ነው የሰመጠችው ብለው ደመደሙ። በ1985 ስብርባሪዋ ውቅያኖስ ወለል ላይ ሲገኝ ለሁለት ተከፍላ ተራርቃ ተኝታለች።

ከዚህ የምወስደው ምስክር ዋጋ የለውም የሚል አይደለም። እንደውም ተሰበረች ያሉት ትክክል ነበሩ፣ ያልተሰሙት ሰዎች። ዋናው ነገር እማኙ ምን ማየት ይችል ነበር የሚለው ነው፣ ሌሊት ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ ጀልባ ላይ ሆኖ ከሩቅ ነው፣ ድንጋጤ አለ። መርከቧ ሰመጠች የሚለው ላይ ሁሉም አንድ ናቸው፣ ያንን ለማየት ብዙ ብርሃን አያስፈልግም። እንዴት ሰመጠች የሚለው ግን ሌላ ዓይን የሚፈልግ ጥያቄ ነው። አንድ ሌላ ነገር ደሞ፣ የመኮንን ቃል ከተራ ተሳፋሪ ቃል በላይ ተመዝኗል፣ ሥልጣንን ከማየት ዕድል ጋር አንቀላቅል።

ስንት ሶርስ ቢኖር ይበቃል?

ቁጥሩ አይደለም፣ ሶርሶቹ አንዱ ከሌላው ሳይቀዳ መጥተዋል ወይ የሚለው ነው። አስር ሰው አንድ ነገር ቢነግራችሁና አስሩም ከአንድ ሰው የሰሙ ከሆነ ያላችሁ አንድ ሶርስ ነው፣ የስሚ ስሚ በቁጥር አይበረታም።

ለዚህ ከሁሉ ምሳሌ የምወደው በ1983 የወጣው የሂትለር ማስታወሻ ነው። ሽተርን የሚባለው የጀርመን መጽሔት ወደ 60 የሚጠጉ የሂትለር የእጅ ጽሑፍ ደብተሮች አገኘሁ ብሎ አወጀ፣ የእጅ ጽሑፍ ባለሙያዎችም መርምረው የሱ ነው አሉ። ባለሙያዎቹ ደብተሩን ሌላ የሂትለር ጽሑፍ ነው ከተባለ ናሙና ጋር አስተያዩት፣ ተመሳሰለ፣ ችግሩ ግን ከናሙናዎቹ ውስጥ ደብተሮቹን ፈጥሮ የጻፈው አጭበርባሪ የኮንራድ ኩያው እጅ ሥራ ነበረበት፣ ማለትም ሰውየውን ከራሱ ጋር ነው ያስተያዩት፣ ስለዚህ መመሳሰሉ ምንም አዲስ ነገር አልነገራቸውም። ነገሩን የጨረሰው የወረቀቱ ምርመራ ነው፣ ሂትለር ከሞተ በኋላ በ1950ዎቹ መሠራት የጀመረ ወረቀት የሚያነጣ ኬሚካል ተገኘበት። ኬሚካሉ ከእጅ ጽሑፉ ጋር ምንም ዝምድና ስለሌለው ነው ምስክርነቱ የከበደው።

ኢንተርኔት ላይ ይሄ በየቀኑ ይሆናል፣ አንድ ፔጅ ይጽፋል፣ ሃያ ፔጅ ኮፒ ያደርጋል፣ ከዛ አንድ ጋዜጠኛ ከሃያዎቹ ባንዱ ላይ ተመሥርቶ ይጽፋል፣ የመጀመሪያው ፔጅ ደሞ ተመልሶ ጋዜጠኛውን እንደ ሶርስ ይጠቅሳል። ክብ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሶርስ ሲሰጣችሁ "እሱስ ከየት አመጣው?" እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፣ መጀመሪያ ላይ የሚጠብቃችሁ አንድ ሰው ከሆነ አንድ ብላችሁ ቁጠሩት።

ታሪክን አሸናፊ ነው የሚጽፈው ይባላል፣ ታዲያ ምኑ ይታመናል?

አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የግብጹ ንጉሥ ዳግማዊ ራምሴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1274 አካባቢ ቃዴሽ ላይ ከኬጢያውያን ጋር ተዋግቶ፣ ብቻዬን ሆኜ ጠላትን ደመሰስኩ ብሎ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ በትልቁ አስቀረጸ። ግን ቃዴሽን አልያዘም፣ የኬጢያውያን መዝገብ ደሞ ሌላ ነገር ይላል፣ ከአስራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ሁለቱ ሰላም ሲፈራረሙ ውሉ በግብጽ ግድግዳ ላይም በኬጢያውያን ከተማ በሐቱሻ የሸክላ ጽላት ላይም ተገኝቷል። ሁለቱም ቅጂ ሰላም የለመነው ያኛው ወገን ነው የሚል መንፈስ አላቸው!

አሁን ይሄን ይዘን ምን እናድርግ? ሁለቱንም መጣል ስህተት ነው። ሁለት ጠላቶች የተስማሙበት ነገር አለ፣ ተዋግተዋል፣ በኋላ ታርቀዋል፣ እነዚህ ላይ "ነው" ማለት እንችላለን። ማን አሸነፈ የሚለው ላይ ደሞ "አቻ ሳይሆን አይቀርም"። ማን ቀድሞ ለመነ የሚለው ላይ "አይታወቅም"። ውሸታም ሶርስም ቢሆን የሚጠቅመን ነገር አለው፣ ቢያንስ ንጉሡ ሕዝቡ ምን እንዲያስብ ይፈልግ እንደነበር በደንብ ይነግረናል።

እኔ ሁሌ የምጠይቀው ጽሑፉ ለማን ተጻፈ የሚለውን ነው። ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ነገር ለሕዝብ ነው፣ ሰው እንዲያየው ነው፣ ስለዚህ ጉራ ይጠበቃል። የሥራ ባልደረባ ለባልደረባ የላከው ምስጢራዊ ሪፖርት ግን ሌላ ክብደት አለው፣ ምክንያቱም ለእኛ ብሎ አልጻፈውም።

በአፍ የተላለፈ ታሪክስ? አፈ ታሪክ ነው ተብሎ ይጣል?

በፍጹም። የአይስላንድ ሰዎች አባቶቻችን በምዕራብ በኩል ባሕር ተሻግረው ወይን የሚበቅልበት አገር ደርሰዋል እያሉ በቃል ያወርሱ ነበር፣ የተጻፈው በ1200ዎቹ ነው፣ ጉዞው ተደረገ ከተባለ ከ200 ዓመት በኋላ። ለብዙ ጊዜ ተረት ይሁን እውነት ክርክር ነበር። ከ1960 ጀምሮ ሄልጌ ኢንግስታድና ባለቤቱ አን ስቲን ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ ላንስ ኦ ሜዶ የሚባል ቦታ ላይ የኖርስ (የጥንት ስካንዲኔቪያ) ሰዎች ቤት ፍርስራሽ አገኙ፣ ክርክሩ አበቃ። በ2021 ደሞ ተመራማሪዎች እዛው የተገኙ እንጨቶች በ1021 እንደተቆረጡ አሳዩ፣ ዓመቱን በትክክል። በ993 ከሕዋ የመጣ የጨረር ማዕበል በዛ ዓመት የዛፍ ቀለበት ላይ ምልክት ጥሎ አልፏል፣ ከምልክቱ ጀምሮ እስከ ቅርፊቱ ያሉትን ቀለበቶች መቁጠር ብቻ ነበር የቀረው፣ 28 ሆኑ። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል፣ ከሺህ ዓመት በፊት መጥረቢያ ያረፈበትን ዓመት ማወቅ!

ግን ልብ በሉ፣ የተረጋገጠው መድረሳቸው ነው። በዛው ትረካ ውስጥ አንድ እግር ብቻ ያለው ፍጡር ቀስት ወርውሮ ሰው ገደለ የሚል አለ፣ ፍርስራሹ መገኘቱ ያንን እውነት አያደርገውም። የታሪኩ አጥንት እውነት ሆኖ ሥጋው በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሳይንስ ከመረመረው አለቀ አይደል? ካርቦን ምናምን?

የካርቦን ምርመራ፣ ማለትም ሕይወት የነበረው ነገር ውስጥ የቀረውን ካርቦን ለክቶ ዕድሜውን መገመት፣ ትልቅ መሣሪያ ነው፣ እስከ 50,000 ዓመት ድረስ ወደ ኋላ ያሳያል። ግን የሚነግራችሁ ያ ነገር በሕይወት የነበረበትን ዘመን ነው፣ ዛፉ መቼ እንደሞተ፣ ቆዳው የተገፈፈበት እንስሳ መቼ እንደኖረ፣ ያውም ከዚህ እስከዚህ ተብሎ በክልል ነው። በላዩ ላይ መቼ ተጻፈ የሚለውን አይነግርም። ቪንላንድ ማፕ የሚባል፣ አሜሪካን ከኮሎምበስ በፊት ያሳያል የተባለ ካርታ ነበር፣ ብራናው ተመርምሮ እውነትም የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሆነ፣ ቀለሙ ውስጥ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጥቅም ላይ የዋለ የታይታኒየም ውህድ ተገኘ፣ ካርታውን የያዘው ዬል ዩኒቨርሲቲም በ2021 ሀሰተኛ ነው ብሎ አሳወቀ። አሮጌ ብራና ላይ አዲስ ውሸት። ደግነቱ ኖርሶች አሜሪካ መድረሳቸው በካርታው ላይ የቆመ አልነበረም፣ ላንስ ኦ ሜዶ ነበር፣ ስለዚህ ካርታው ሲወድቅ መልሱ አልወደቀም። አንድ ማስረጃ ሲፈርስ ሁሉም ነገር ፈረሰ ብሎ የሚደመድም ሰው ካጋጠማችሁ ይሄን ንገሩት።

ቁጥሮችን ምን ያህል ልመን?

ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ የምለው ቁጥር ላይ ነው፣ ምክንያቱም ቁጥር ትክክለኛ ይመስላል። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የፋርሱ ንጉሥ ዜርክሲስ ግሪክን የወረረበትን ኃይል ተከታዩን ሁሉ ደምሮ 5,283,220 ያደርሰዋል። እስከ ሃያዋ ድረስ ቆጥሮ! ግን ያን ያህል ሰው በየቀኑ ውሃና እህል ከየት ያገኛል? ዛሬ ያሉ ባለሙያዎች ቁጥሩን አይቀበሉትም፣ የሚሰጡት ግምት ከሱ በጣም በጣም ያነሰ ነው። የቁጥሩ ዝርዝር መሆን የእውነቱ ማረጋገጫ አይደለም።

ሐቀኛ ቁጥር ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው። ኮሎምበስ ከመድረሱ በፊት አሜሪካ አህጉሮች ላይ ስንት ሰው ይኖር ነበር? ከ8 ሚሊዮን ገደማ እስከ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተገምቷል፣ ሁሉም ገማቾች ባለሙያ ናቸው፣ ልዩነቱ ከጥቂት መረጃ ተነስቶ ወደ ሙሉ አህጉር በማባዛት የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ቁጥሩ ይለያያል ማለት ነገሩ አልሆነም ማለት አይደለም። ናዚዎች በአይሁድ ላይ ያደረሱትን እልቂት የሚክዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ተንኮል ይሄ ነው፣ አንዱ ተመራማሪ ከ5 ሚሊዮን በላይ ይላል አንዱ 6 ሚሊዮን ይላል፣ ስለዚህ ፈጠራ ነው ይሉናል። እልቂቱ ግን በተረፉት ቃል፣ በገዳዮቹ መዝገብ፣ ከጦርነቱ በፊትና በኋላ በተደረገ የሕዝብ ቆጠራ፣ በቦታዎቹ በራሳቸው ተረጋግጧል። ጃንዋሪ 1943 አንድ የናዚ መኮንን ለአለቆቹ በምስጢር የላከው ቴሌግራም አለ፣ እስከ 1942 መጨረሻ ወደ አራት ካምፖች የገቡትን ሰዎች ደምሮ 1,274,166 ይላል። እንግሊዞች ጠልፈውት በመዝገብ ቤት ተኝቶ በ2000 ነው ምንነቱ የታወቀው። ከላይ ለማን ተጻፈ ያልኩት ይሄን ነው፣ ሰውየው ለሥራ ሪፖርት ነው የጻፈው፣ ለማንም ለማሳመን አይደለም። መሆኑ ላይ "ነው"፣ ድምሩ ላይ "ከዚህ እስከዚህ"፣ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ።

አንድ ነገር ካልተጻፈ አልሆነም ማለት ይቻላል?

አንዳንዴ ይቻላል፣ ግን ጸሐፊው ነገሩን ቢያውቅ ኖሮ በእርግጥ ይጽፈው ነበር ወይ? ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ ነው። የጣሊያኑ ተጓዥ ማርኮ ፖሎ ታላቁን የቻይና ግንብ አልጠቀሰም፣ ስለዚህ ቻይና አልሄደም የሚል ክርክር አለ፣ እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜው ለሰውም ስናገረው ነበር። በኋላ ሳየው ዛሬ ፎቶ ላይ የምናውቀው የድንጋይና የጡብ ግንብ በአብዛኛው የተሠራው ሚንግ በሚባለው ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው፣ ሚንግ የጀመረው በ1368፣ ማርኮ ፖሎ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1295። ያልተሠራ ነገር እንዴት ይጥቀስ? በሌላ በኩል አብረውት እንደተጓዙ የጻፋቸው የሦስት መልእክተኞች ስም በቻይና ሰነድ ውስጥ ተገኝቷል፣ የሱ ስም እዛ ባይኖርም። ስለዚህ ሄዷል? ሄዶ ሳይሆን አይቀርም። ነግሬ ያሳሳትኳቸውን ሰዎች ያገኘኋቸውን ያህል አርሜላቸዋለሁ።

"ለምን ሆነ?" የሚለው ላይስ?

እዚህ እርግጠኝነት በጣም ይቀንሳል። ጁን 28፣ 1914 ሳራዬቮ ላይ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽ ተኩሶ ገደለ፣ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ለምን ተነሳ፣ የማን ጥፋት ነው? በ1919 ከጦርነቱ በኋላ የተፈረመው የቬርሳይ ውል ኃላፊነቱን ጀርመንና አጋሮቿ ላይ ጣለ፣ ከዛ ጥፋቱን ለሁሉም የሚያካፍሉ በዙ፣ በ1961 ፍሪትዝ ፊሸር የሚባል የራሷ የጀርመን የታሪክ ምሁር ተመልሶ ጀርመን ላይ ጣለው፣ ክርክሩ ዛሬም አለ። ሰነድ ጠፍቶ አይደለም፣ ሰነዱ ቤት ይሞላል፣ ግን ምክንያት ሰነድ ላይ ተጽፎ አይገኝም፣ ሰነዶቹን አያይዞ የሚያነበው ሰው ነው የሚያወጣው። "ባይተኮስ ኖሮስ?" የሚለው ደሞ ከዚህም የባሰ ነው፣ ማሰቡ ይጠቅማል፣ "ነው" የሚባል መልስ ግን አይወጣውም።

ኤአይ ብጠይቀውስ?

መነሻ ይሆናል። ችግሩ የቄሳርን መገደልና የቄሳርን የመጨረሻ ቃል በአንድ ዓይነት ድምፅ ሊነግራችሁ መቻሉ ነው። ይሄን በምን አወቅን? ብላችሁ አስከትሉ፣ የጠቀሰውን ነገር ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩት።

ባለሙያዎች ሀሳባቸውን የሚቀያይሩ ከሆነ ለምን አምናቸዋለሁ?

ሲቀይሩ ምኑን እንደቀየሩ እዩ። የጥንት ሮማውያን ከተማ ፖምፔ በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ የተቀበረችው በ79 ነው፣ ዓመቱን የሚያናውጥ ነገር አልመጣም። ቀኑ ግን ለዘመናት ኦገስት 24 ነበር የሚባለው፣ ምንጩ ሮማዊው ጸሐፊ ትንሹ ፕሊኒ በልጅነቱ ያየውን አድጎ የጻፈው ደብዳቤ ነው፣ የደረሰን ደሞ በመካከለኛው ዘመን ሰዎች በእጅ እየገለበጡት ነው፣ ቅጂዎቹ ቀኑ ላይ አይስማሙም። ቁፋሮ ላይ የመከር ወቅት ፍሬዎች፣ የተከደነ አዲስ ወይን፣ የማሞቂያ ምድጃዎች ሲገኙ ኦገስት አልመስል አለ። በ2018 ግድግዳ ላይ በከሰል የተጻፈ ጽሑፍ ተገኘ፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን በዛሬው የአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 17 ማለት ነው፣ እሳተ ገሞራው ከዛ በፊት ከሆነ ማን ጻፈው? ብቻ ጽሑፉ ላይ ዓመት የለም፣ ከሰል ቶሎ የሚጠፋ ነገር ስለሆነ የዛው ዓመት ነው ተብሎ ነው እንጂ ያለፈው ዓመት ሊሆን የሚችልበት ቀዳዳ አለ፣ ስለዚህ ኦገስትን አሁንም የሚደግፉ ምሁራን አሉ። ዛሬ ብትጠይቁኝ 79 ነው፣ የመከር ወቅት ላይ ሳይሆን አይቀርም፣ ከኦክቶበር 17 በኋላ ሊሆን ይችላል። ነገ ሌላ ግድግዳ ሲቆፈር ከሦስቱ ሁለቱ ሊቀየሩ ይችላሉ።